ረጅሙ ወድቋል

ከሞጆ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሪት አባይነሽ አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ

እህቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እናትዎስ ወይዘሮ ቦሼ፣ ወገባቸውን ተሻላቸው? ለጠየቁኝ ሁሉ በዝርዝር ልመልስ ወረቀት ዘርግቼ ነበር፤ ግን የጣቢያው መኪና ሊነሣ ነው፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ስለዚህ ዋናውን ብቻ ልጻፍ፤ ስለ ማጠሩ ይቅር ይበሉኝ።

ረጅሙ ወድቋል። ከሦስት ቀን በፊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ወደቀ። ቀና ለማድረግ የቻልነውን ሁሉ ሞከርን፤ አልሆነም። ከታች ነው የተሰበረው። የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል። እናትዎ ተስፋ አድርገው እንደሚጠብቁ ስለማውቅ ይህን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። እርስዎ በዘዴ፣ ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ። አጭሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው።

ወንድምዎ
ጉልላት ተክለጻድቅ


ከሶዶ፣ ኅዳር 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአቶ ጉልላት ተክለጻድቅ

ደብዳቤዎ በደረሰን በማግስቱ እናቴ ሰማች። እኔ ልነግራት አልቻልኩም። ያነበቡላት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኤርካሎ ናቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህ ሰው ጨዋ ነው፣ መርዶ ከተጻፈ እንዲህ ተሸፍኖ ነው የሚጻፈው አሉ። በአገራችን መርዶ በደብዳቤ አይላክም፤ ሰው ይዞት በማለዳ ይመጣል። ቢሆንም መንገዱ ሩቅ ነው፣ አልተቀየምንዎትም።

ወንድሜ ሻንቆን ሰፈሩ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው «ረጅሙ» ብሎ ነው። እርስዎም የዛሬ ሁለት ዓመት ለእርሻ ምርምር ጣቢያዎ ዘር ሊሰበስቡ መጥተው እኛ ቤት ያረፉ ጊዜ፣ ከእናቴ አንድ ቁና ስንዴና አንድ ወንድ ልጇን ይዘው ሲሄዱ፣ ረጅሙን ወሰድኩባችሁ ብለው ስቀው ነበር። እሷም እጁን በእጅዎ ላይ አኑራ አደራ ብላለች። ያንን አልረሱትም ብዬ አምናለሁ።

ዘመድ ከቤሌም ከዲምቱም መጣ። እናቴ ራሷን ተላጭታ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምጿ ስለጠፋ አሁን የምታወራን በእጇ ነው።

የሚከተለውን ግን ይንገሩኝ፤ እሷ ትጠይቀኛለች። የወደቀው ከምን ላይ ነው? የተሰበረው እግሩ ነው? ማን አጠበው? የት ተቀበረ? ሲያጣጥር ማንን ጠራ? አጭሮቹ ደህና ናቸው ያሉት አብረውት የሚሠሩትን ይመስለናል፤ ስለ እነሱ እግዚአብሔር ይመስገን ብለናል።

አባይነሽ አንጁሎ


ከሞጆ፣ ኅዳር 15 ቀን 1959 ዓ.ም.

እህቴ አባይነሽ፣

ቴሌግራሜ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ እንደደረሰ ተስፋ አለኝ። ካልደረሰ ሰላምታውን ይዝለሉና ይህን ያንብቡ። የወደቀው ስንዴው ነው። ሰው አልወደቀም። የእናትዎ ስንዴ ነው የወደቀው።

ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ ልል ነበር፤ ግን ከዋጠችኝ ማን ያስረዳዎታል? እኛ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምናወራው ስለ ቁመት ነው። «ረጅሙ» ካልን የሶዶው ነው፣ «አጭሩ» ካልን ከሜክሲኮ የመጣው ነው። ስንዴ የሚለውን ቃል የምናወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ ጅሉ ለእርስዎም ለሥራ ባልደረባዬ እንደምጽፍ ጻፍኩ።

የተሰበረው አገዳው ነው። የእናትዎ ስንዴ ደረት ድረስ እንደሚመዘዝ እርስዎም ያውቁታል። ሶዶ ላይ ዛላው ቀላል ስለሆነ ቆሞ ይደርሳል። እዚህ ማዳበሪያ ስናበላው ፍሬው ከበደ፤ አገዳው አልሸከም አለና ጋሸበ። አጭሩ ግን ምንም ያህል ቢያፈራ አይተኛም፤ የእሱ ጠላት ዋግ የሚባለው በሽታ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ዋግን ይችለዋል። ስለዚህ ሁለቱን አዳቀልናቸው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም መካከለኛ ሆነው ወጡ፤ ረጅሙ የጠፋ መሰለን። የእነዚያን ልጆች ስንዘራ ግን ከአራቱ አንዱ አጭር፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ቁርጥ የእናትዎ ስንዴ ሆነ። ቁመቱ ለካ አልጠፋም፤ ውስጥ ለውስጥ ሲወርድ ነበር። ሰው ረሳሁት ሲል ብቅ ይላል። እናትዎ ከዘራቸው ምርት ይላክልኛል ብለው እንደሚጠብቁ ስለማውቅ ነበር በዘዴ ይንገሩልኝ ያልኩት።

ይህን ማዳቀል በእጁ የሠራው ሻንቆ ነው። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ጎንበስ ብሎ፣ ከእያንዳንዷ አበባ ወንዴዋን በወረንጦ ሲያወጣ፣ አንዲት ዛላ አይሰብርም ነበር።

ሻንቆ ደህና ነው። የለቅሶውን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ አዘነ። እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብሎኛል፦ «እናቴ ቦሼ ሆይ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጤናዬ ሙሉ ነው። የማልመጣው ሥራ ስለበዛብኝ ነው። እንባሽን ጥረጊ።»

አፈር የሆንኩት ወንድምዎ
ጉልላት


ከሶዶ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአቶ ጉልላት ተክለጻድቅ

ቴሌግራሙ ቀድሟል። የፖስታ ቤቱ ሰው ራሱ ለቅሶ ደርሶን ስለነበር በሩጫ ነው ያመጣው። እናቴ ሰምታ ከመሬት ተነሣች፣ የተላጨ ራሷን በነጭ ሻሽ አሰረች፣ የአጥሩን በር ክፈቱት አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም እንዲዘጋው አትፈቅድም። አቶ ኤርካሎ አፍረው ሁለት እሑድ ከቤት አልወጡም፤ አሁን ሰው ሲያሾፍባቸው መነጽሬን ልለውጥ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን አሳየሽ ደግሞ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል አለች። እናቴ ይህችን ቃል ይዛ ውላ ታድራለች።

ከዚህ በፊት፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የዘራነው መደብ እንዴት ሆነ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በክረምት የላኩልን የተዳቀለው ዘር እንዳሉት ነው የወጣው፤ ከአጭሮቹ መካከል እዚህም እዚያም ረጃጅሞች ብቅ ብለዋል። ዘሩ እንዲጠራ ረጃጅሞቹን ንቀሏቸው ብለውኝ ነበር። አልነቀልኩም፤ እናቴ አላስነካ አለች። በየማለዳው ትመጣና በመካከላቸው ትቆማለች። ዛላቸውን በመዳፏ እየዳሰሰች የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች። እጅግ ቀላል ነፋስ ሲነፍስ አጭሮቹ ዝም ብለው እነሱ ብቻ ይወዛወዛሉ። ተማሪዎቼ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። ሳቅሁባቸው፤ ትናንት ግን እኔም ዞሬ ሄድኩ።

አሁን ደብዳቤውን የጻፍኩበትን ምክንያት ይስሙኝ። እናቴ ባለፈው እሑድ፣ የሻንቆን ሰላምታ ሁሉ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አለችኝ። በደብዳቤዎችዎ ግርጌ ያሉት ዐሥር ናቸው። እስከ ሰኔ 1958 ባሉት በሰባቱ፣ «አዬ፣ እንዴት ነሽ። አዬ፣ ላሟ ወለደች ወይ። አዬ፣ ወገብሽን አሙቂ» ይላል። እኛ ቤት በወላይትኛ እናት «አዬ» ናት። ከነሐሴ ወዲህ ባሉት በሦስቱ አንድም «አዬ» የለም። «እናቴ ቦሼ ሆይ» ነው የሚለው። በእኛ አገር እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ ገና አልተወለደም።

እናቴ አዳምጣ ስታበቃ ተነሥታ ወደ መደቡ ሄደች። እኔ ግን መምህር ነኝ፣ አቶ ጉልላት። ተማሪ የራሱን ድርሰት ሲያመጣና የሌላ ሰው ድርሰት ሲያመጣ እለያለሁ። እነዚህን ሦስቱን የተናገራቸው ማነው? ሻንቆ የት ነው?

አባይነሽ አንጁሎ


ከሞጆ፣ ጥር 8 ቀን 1959 ዓ.ም.

እህቴ አባይነሽ፣

እህቴ ማለቱን ከፈቀዱልኝ ነው። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ሦስቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሻንቆ ከሐምሌ 1958 ጀምሮ እዚህ የለም። የት እንዳለ አላውቅም። በኅዳር ደህና ነው ብዬ ስጽፍልዎ ሳቀ፣ አዘነ ያልኩት ሁሉ ከሆዴ ያወጣሁት ነው።

ስለ «አዬ» እውነቱን ልንገርዎ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ አዬ የሚለው የከፋው ሰው ነው። ሻንቆ ሲያስጽፈኝ በየቃሉ አዬ ሲል፣ ናፍቆት እያስተነፈሰው ነው ብዬ እንደወረደ እጽፍለት ነበር። በራሴ ስጽፍ ግን፣ እናቱ ልጄ ከፍቶታል ብለው እንዳይጨነቁ አዬውን አወጣሁት። ደስተኛ እንዲመስል ብዬ ነው። ያጋለጠኝም ይኸው ሆነ።

የሄደው በእኔ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት በመስኖ ከዘራነው መደብ አጭሮቹን ልንመርጥ ስለነበር፣ ረጃጅሞቹን ንቀላቸው አልኩት። ይህ የእናቴ ስንዴ ነው፣ ከቤቴ ተሸክሜ ያመጣሁትን በእጄ አልነቅልም አለኝ። ሥራ ነው አልኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማናል፤ እልህ ያዘኝ። «አንተም እንደ እናትህ ስንዴ ቁመት ብቻ ነህ፤ መጨረሻህ መውደቅ ነው» አልኩት። እሱ እያየ እኔው ገብቼ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያን ቀን ግን እኔ ለማሸትም አልሞከርኩም። ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ ወጣ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና ስሜን ጠራኝ። ሰምቼዋለሁ። ዝም አልኩት።

በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል ብዬ አንድ ሰላምታ ጻፍኩ። አልተመለሰም፤ ሁለተኛውን ጻፍኩ። አደራ የተባለ ሰው ጠፋብኝ ብሎ እንዴት ይጽፋል?

እንቅልፍ አጥቻለሁ ብልዎ ራሴን ሳስታምም ይመስላል፤ ቢሆንም ልንገርዎ። በመስመሮቹ መካከል ስሄድ ከኋላዬ ዛላ እየገፋ የሚመጣ ሰው ይሰማኛል። ስዞር ማንም የለም። ባለፈው ሰሞን አንድ ባለሙያ አገዳ የሚያስረዝም መድኃኒት አምጥቶ ስንዴው ላይ ረጨ። ረጅሙ ይብሱን ተመዘዘ። አጭሩ ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱ ሳይደርሰው ቀርቶ አይደለም አለን ባለሙያው፤ እደግ የሚለው ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ የሚሰማበት ነገር ግን ውስጡ የለም። ሌሎቹ ተደነቁ። እኔ ያንን አጭር ስንዴ ለማየት አፈርኩ።

ከወላይታና ከከምባታ ልጆች ጋር ወደ አዋሽ፣ ወደ ጥጥ እርሻዎቹ ወርዷል ይሉኛል። ዛሬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለእናትዎ ምን እንደሚሏቸው እኔ አልነግርዎትም።

ጉልላት


ከሶዶ፣ ጥር 27 ቀን 1959 ዓ.ም.

ጉልላት፣

አንተ ስልህ ስለቀረብከኝ አይደለም። እርስዎ የምለው ሰው ሌላ ነበር፤ የወንድሜን ቃል የሚያደርስልኝ ሰው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ልነግራት ሁለት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ላሟ አውርቼ ተነሣሁ። ስለዚህ ውሸትህን አሁን ተካፍለነዋል። ሰኞ አውቶቡስ ሲገባ እስከ ገበያው ድረስ ትወርዳለች፤ ከሚወርደው ሰው ሁሉ ቁመቱን አይታ ትመለሳለች። ስትመለስ፣ አልመጣም፣ መንገድ ላይ ነው ትለኛለች። እኔም አዎ እላታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ንጋቱን ፈርቼዋለሁ።

ስንዴውን አጨድን። ረጃጅሞቹን ለብቻ አስራ ነዶውን አልጋዋ ራስጌ አቆመችው። ቀን ቀን ከውጭ ስገባ ሰው ቆሞ ይመስለኝና እደነግጣለሁ።

አንተ ስለ እንቅልፍህ ጻፍክልኝ። እኔ ስለ እሱ ልጻፍልህ። ሻንቆ ስድቡን እንኳ ይተወው ነበር። የሚያብሰለስለው ነገር ጠርቶህ ዝም ማለትህ ነው። በልጅነታችን ስንጣላ ጠርቶኝ ዝም ካልኩት ለሳምንት እህል አይቀምስም ነበር። ይህን ማወቅ ነበረብህ ልልህ አልችልም፤ ግን አሁን እወቀው።

ፈልገው። በሕይወት ካለ፣ ይቅርታህን ጠይቀህ፣ እጁን ይዘህ አምጥተህ በእጇ ላይ አኑርላት። ወስደኸው የነበረው እንደዚያ ነው። ከሌለ ግን እንዳትጽፍ። ሁለተኛ በወረቀት አትቀልድብንም።

አባይነሽ


ከሻሸመኔ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወይዘሪት አባይነሽ፣

አዋሽ ወርጄ ሁለት ወር ያህል ከአንዱ ጥጥ እርሻ ወደ ሌላው ዞርኩ። ወላይታ አለበት የተባለውን ጎጆ ሁሉ እያንኳኳሁ፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው አላያችሁም ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። በመጨረሻ የዲምቱ ሰው አገኘሁ፣ ባዳቾ ይባላል፤ ከሻንቆ ጋር በአንድ ጎጆ ኖረዋል። እጄን ይዞ ወስዶ አሳየኝ።

ያየሁትን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ሐሙስ በማለዳ ከአቶ ኤርካሎና ከባዳቾ ጋር በራችሁ ላይ እንሆናለን። ያን ቀን ትምህርት ቤት አይሂዱ።

ጉልላት


ከሶዶ፣ ግንቦት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

ጉልላት፣

እናትሽ ካንቺ ጋር ስትሆን ምን እንደምትል ጻፊልኝ ብለኸኝ ሄደሃል። ያን ማለዳ የሆነውን አንተም አይተሃል፤ ነገር ግን አንገትህን ደፍተህ ስለነበር ግማሹን አላየኸውም። አቶ ኤርካሎን አይታ፣ ዛሬስ መነጽርህን ለውጠሃል ወይ ያለቻቸው ፈገግ ብላ ነው። መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ባዳቾ፣ ወባ ነው፣ በጥቅምት፣ ያ ትልቁ ዝናብ በጣለበት ሳምንት ሲላት፣ በጣቶቿ ቆጠረች። «ልጄን በጊዜው አልቅሼለት ነበር። እናንተ ናችሁ ያስነሣችሁኝ» ያለችው ያኔ ነው። ከዚያ አንተ ወጣህ፤ እህል እንኳ ሳትቀምስ።

እሷ ያቋረጠችውን ለቅሶ ጨረሰች። በዝምታ ነው የጨረሰችው፤ ሰው አልጠራችም። ሲያበቃ ሄዳ የአጥሩን በር በራሷ እጅ ዘጋችው። እኔ እስካሁን ይቅር አላልኩህም፤ ይቅር እንዳልኩህ አድርገህ እንዳታነበው።

ባለፈው ሰኞ ግን አውቶቡሱ ሲገባ፣ ከሞጆ ደብዳቤ የለም ወይ አለችኝ። ደነገጥኩ። አእምሮዋ ተነካ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ አዬ፣ ሻንቆ እኮ የለም አልኳት። ተቆጣችኝ። ልጄ መሞቱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ አለች። ከዚያ የነገረችኝን ሳስብ ሦስት ቀን ዋልኩ።

እናቴ ያወቀችው ከእኔ በፊት ነው። በነሐሴ «እናቴ ቦሼ ሆይ» የሚለውን ሳነብላት፣ ያኔውኑ የልጇ ቃል እንዳልሆነ አውቃለች። ዝም ያለችኝ ምን ሆኖ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈርታ ነው። የለቅሶው ደብዳቤ ሲመጣ የፈራችው እንደደረሰ ቆጠረች። ቴሌግራሙ ሲመጣ ደግሞ እንደማይሆን እያወቀች ልታምንህ ፈለገች። ያን ሁሉ ሰኞ ወደ ገበያ የወረደችው አንተን ለማመን ስትታገል ነበር።

«ታዲያ አሁን ደብዳቤው ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ያ ልጅ አንድ ጊዜ እናቴ ብሎ መጻፍ ጀምሯል፣ ምን ብሎ ያቆማል» አለችኝ።

ስለዚህ መልእክቷን እንደተላከ አደርሳለሁ። ለእኔ አትጻፍ፤ ለእሷ ጻፍ። አነብላታለሁ። በስሟ አትጥራት፤ «አዬ» በላት። ስለ ስንዴው እንዳትጨምርበት፣ ሰልችቷታል። በእነዚያ ሰላምታዎች ውስጥ ጤና፣ ጤና ብቻ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ምን እንደሚበላ ይጻፍልኝ ብላለች።

ስለ ሻንቆ መስሎኝ፣ ምን ይበላ እንደነበር ብዬ ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። እንዳለችው ነው የጻፍኩልህ።

አባይነሽ